ለእቴቴ፣ ተጠባባቂ ስለነበርሁበት ክረምት

ውዷ እቴቴ፤

አንቺን ከቀበርን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጣና ሞልቶ ዳሩ ላይ የበቀለውን ደንገል እስከ አንገቱ ውጦታል። ከሁሉ በፊት የናፈቅሽውን ወሬ ልንገርሽ፦ ደረጀ ከጦር ሜዳ ተመልሷል። ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው፤ ሳቁም ያው ያንቺው ሳቅ ነው። አባባ ጡረታ ወጡ። የፋብሪካ ጓደኞችሽ ዛሬም በራችንን ሳያንኳኩ አያልፉም።

እኔ ደግሞ ያን ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበርሁበትን፣ ከልቤ ማውጣት አቃተኝ።

ደረጀን ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት መስከረም ላይ ነበር። እሱ የማህፀንሽ ልጅ፤ እኔ አባባን ስታገቢ ቤት ውስጥ ያገኘሽኝ። እኔና እሱ በደም ባንዛመድም አብረን አድገናልና፣ ከሄደ በኋላ መጽሐፍ ስገልጥ የማነበው አይገባኝም፤ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር መጽሐፉን ዘግቼ የጦር ሜዳ ወሬ አዳምጣለሁ። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ሲሰጠን ሒሳብና ፊዚክስ ወድቄ ተገኘሁ። የነርስ ትምህርት ቤት የሚያስገባው ውጤትና ቃለ መጠይቅ ነው፤ ነገሬ ያለቀ መሰለኝ። ቤት መግባት ፈርቼ ሐይቁ ዳር ተቀመጥሁ።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስትወጪ እዚያው አገኘሽኝ። የጥጡ ብናኝ ከጸጉርሽ ገና አልረገፈም። ካርዴን አየሽና መለስሽልኝ። ጫማሽን አውልቀሽ ያበጠ እግርሽን ውኃው ውስጥ ነከርሽ።

«ለመሆኑ ነርስ መሆን ትፈልጊያለሽ? ወይስ እኛን ደስ ለማሰኘት ነው?» አልሽኝ።

«እፈልጋለሁ» አልሁሽ።

«እንግዲያው ለደረጀ ማልቀሱን ለእኔ ተይልኝ። ያንቺንም ድርሻ ጨምሬ አለቅስልሻለሁ። አንቺ አጥኚ።»

እቴቴ፣ ይህን ያለችኝ የአንድ ልጇን ወሬ ካጣች ወራት ያለፋት ሴት ናት። ስንቴ ሳስበው እገረማለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱን ሥራ ሁሉ ከእጄ ነጠቅሽኝ፤ ቀኑን ሙሉ መፍተያው ላይ ቆመሽ ውለሽ ውኃውንም ራስሽ ትቀጂ ጀመር። በሁለተኛው መንፈቅ ውጤቴ ቀና አለ።

ለቃለ መጠይቁ ስሄድ ሰው ሁሉ «ለምን ወደቅሽ ሲሉሽ ታምሜ ነበር በይ፤ ስለ ዘመቻ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ መከረኝ። ዘመኑ የሚያስፈራ ነበር። አንቺ ግን ነጠላዬን እያስተካከልሽ፣ «ወንድምን መናፈቅ ወንጀል አይደለም። በሽተኛ ፊት የምትቆም ሰው በውሸት አትጀምር» አልሽኝ።

እንዳልሽው እውነቱን ተናገርሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ፊቱን አጠቆረ። ጸጉራቸው የሸበተ አንዲት ሲስተር ግን፣ «ታዲያ በሁለተኛው መንፈቅ እንዴት ተሻሻለ?» አሉኝ።

«ማልቀሱን እናቴ ተቀበለችኝ» አልሁ።

ሲስተሯ አቀርቅረው ጻፉና አሰናበቱኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ብዬ የጠራሁሽ የዚያን ቀን ነው፤ አንቺ በሌለሽበት። ቤት ስመለስም አፍሬ አልነገርሁሽም።

ስሜ የተለጠፈው ከተጠባባቂዎቹ ጋር ነበር።  አንቺ፣ «ተጠባባቂም ስም ነው፤ እየሠራሽ ጠብቂ» ብለሽ እጄን ይዘሽ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ወሰድሽኝ። በሽተኛ የሚያክመውን ድሬሰር ከሥሩ እንዲያሠራኝ ለመንሽልኝ። ያን ክረምት መርፌ ስቀቅል፣ ፋሻ ሳጥብና ሕፃናት ስይዝ ከረምሁ። ጥቅምት ላይ አንዲት ልጅ ሳትመጣ ቀረችና እኔ ተጠራሁ። ፋብሪካው በር ላይ ስነግርሽ እልልታሽ ዘበኛውን አስደንግጦ ከወንበሩ አስነሣው። አንቺ ሳቅሽበት፤ እሱም ሳቀ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ታመምሽ። መልእክቱ ደርሶኝ ስመጣ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ስንቱን ሳስታምም አንቺን አላስታመምሁም፤ ይህ ይቆጨኛል።

ተመርቄ አሁን ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ተመድቤያለሁ። የገበያ ቀን ወረፋው በሩን አልፎ ይወጣል። አሮጊቶቹ ክንዳቸውን እየሰጡኝ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል፤ ያገሩ ወግ ነው። ወዳጆቼ የአባባን ስም የምናገር ይመስላቸዋል። እኔ ያንቺን እነግራቸዋለሁ። ጥጥ ፈታይ እንደነበርሽ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሽም እጨምራለሁ። እስካለሁ ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው፣ እማዬ።

ልጅሽ፣
አስናቀች