የሁመድ ምዘና

ኅዳር 4 ቀን 2004 ዓ.ም.
ከጡረታ ተጠርቼ ማስተማር ከጀመርሁ ሳምንት ሆነኝ። በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያሉት የብየዳ ቤቶች ሊፈርሱ ነው። መንግሥት አዲስ የመሥሪያ ቦታ የሚሰጠው ሥልጠናውን ጨርሶ ምዘናውን ላለፈ ብቻ ነው። የእኔ ድርሻ በያጆቹን ማንበብና መጻፍ ማስተማር። አንደኛው ጎረቤቴ ሁመድ ነው፤ ሽበት ወሮታል። ስገባ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። አንድም ቀን አልቀረም። ፊደል ግን... እንቢ ብሎታል።

ታኅሣሥ 19
ብርድ። ጉልበቴን ያመኛል። ሁመድ ዛሬም «በ»ን ከ«ሰ» አልለየም። «ሁሜ፣ በይደው እንጂ እንዳያመልጥህ» አለው አንዱ። ክፍሉ ሣቀ፤ እሱም አብሮ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም።

ጥር 23
የምዘና ቀን። በጋዝ ሲሊንደሮቹ ላይ በአማርኛ የጻፍነውን የጋዙን ስም ማንበብ ነበረባቸው። ሁመድ ኦክስጅኑንም አሲቲሊኑንም በትክክል ጠራ። ጠረጠርሁ። የሲሊንደሮቹ ቀለም እንደ ጋዙ ይለያያል፤ እሱን አይቶ ይሆን? ጽሑፉ ብቻ እንዲታይ አንዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ እንደገና ጠየቅሁት። ብዙ አየው። ከዚያም እኔን አየኝ።
«ጋሼ፣ ይኸንን ሳላነብ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት።»
ውጤቱን መዝገብ ላይ ጻፍሁ። ወደቀ።

ጥር 24
የሥልጠናው ኃላፊ ፍሰሐ ቤቴ ድረስ መጣ። የተማረ ልጅ ነው፤ አነጋገሩ ግን ሪፖርት ይመስላል። ዕቅዱ ሁሉንም ማሳለፍ እንደ ሆነ አስረዳኝ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለብን፣ ጋሼ። ቢያሳልፉት ምን አለበት?»
ያልቻለውን ችሏል ብዬ አልፈርምም አልሁት። የሲሊንደር ቀለም ይለቃል፣ ይቀየራል። ያን ቀን ሁመድ ቢሳሳትና ጋዙ ቢፈነዳ ማን ይጠየቃል?
ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ነፊሳ መጣች። አልለመነችም። ባሏ የሠራልኝን የግቢ በር በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ይኸ በር አስቸግሮዎት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።
አያውቅም አልኋት።
በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

የካቲት 30
የብየዳ ቤቶቹ ፈረሱ። ያለፉት ቦታቸውን ተረከቡ። ሁመድ መሣሪያዎቹን ሸጠ አሉ። ትክክል ነበርሁ... አይደለም?

ሚያዝያ 17
ሁለተኛው ዙር ሥልጠና ተጀመረ። ማሠልጠኛው በር ላይ አዲስ ዘበኛ ተቀጥሯል። ሁመድ። የደንብ ልብሱ ሰፍቶታል። ሲያየኝ እንደ ክፍሉ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ። ተቀመጥ አልሁት።
«አስተማሪዬ አይደሉ እንዴ?»
ስላቅ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 18
ወደ ማሠልጠኛው በጓሮ በር ገባሁ።