በፖስተርና በጠበል መካከል፦ የአቶ ወልደየስ ውድነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደየስ ውድነህ ከአባታቸው ከአቶ ውድነህ ገብረጻድቅ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርንጎ አየለ በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው ካጠናቀቁ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው በአንድ ማተሚያ ቤት በቀለም ቀማሚነት ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ አረጋሽ ምናሉ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ቴዲንና ሶልያናን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ መጥተው በመጀመሪያ ካፒቶል ሂል በተባለው ሰፈር በኪራይ፣ ኋላም አውሮራ በገዙት ቤት ኖሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም የኤርፖርት ሹፌር ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ፓርክ ሂል በተባለ የዴንቨር ሰፈር ውስጥ የሟች ንብረት ከሚሸጥበት ቤት የስዊዘርላንድ የማዕድን ውሃ ማስታወቂያ የሆነ አሮጌ ፖስተር አገኙ። ቀለሙን ሲያዩ የወጣትነት ሙያቸው ተቀሰቀሰባቸው። ከዚያ ወዲህ የስዊዝ ቢራ፣ የወይን ጠጅና የፖም ጭማቂ ማስታወቂያዎች ሳሎናቸውን ሞሉት። መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው የመጠጥ ሥዕል መሰብሰባቸው ቤተ ዘመዱን ሳያስገርም አልቀረም።

ይህ ፍቅር ግን ስጋት ይዞባቸው መጣ። የንስሐ አባታቸው አባ ፍቅረየሱስ ቤቱን ሲባርኩ ጠበሉ አንዱን ፖስተር ነክቶ ወረቀቱ ተኮማተረ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አቶ ወልደየስ ካህን ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ልባቸው ይሸበር ነበር፤ አንዴ ቤቱ ቀለም ሊቀባ ነው፣ አንዴ እንግዳ አለ እያሉ ቡራኬውን ለዓመታት አዘገዩት። ወ/ሮ አረጋሽም፣ «ቤታችን ሳይባረክ አንድ ነገር ብንሆንስ?» እያሉ እንቅልፍ አጡ።

ባለፈው ዓመት አቶ ወልደየስ የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው አልጋቸው ሳሎን ተዘረጋ። አባ ፍቅረየሱስ ጠበል ይዘው እንደሚመጡ ሲነገራቸው ዓይናቸው ፖስተሮቹ ከተሰቀሉበት ግድግዳ አልነቀል አለ። ሶልያና፣ «ዳዲ፣ ጋራዥ ውስጥ ሴፍ ናቸው፤ ሙቭ ላድርጋቸው?» ብትላቸው፣ «መኪናው በረዶ ይዞ የሚገባበት ነው ሴፍ?» ብለው ከለከሏት። ካህኑ ጸሎቱን አድርሰው ጠበሉን ሲያነሡ ወ/ሮ አረጋሽ ባለቤታቸው እንዳይደነግጡባቸው ፈርተው ፕላስቲክ ይዘው ወደ ግድግዳው ተጣደፉ። ያን ጊዜ አቶ ወልደየስ እጃቸውን አንሥተው፣ «አረጊ፣ ተይው። እኔ ረስርሼ እነሱ ደረቅ ይቅሩ ልበል? ይርጩት፣ አባቴ» አሉ። ጠበሉም እሳቸውንና ፖስተሮቹን አንድ ላይ አራሰ። እሳቸውም ወደ ግድግዳው ሳይዞሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በኀዘን ላይ ይገኛሉ።

ስጋት የማይደርስበትን ማደሪያ እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ያዘጋጅላቸው። አሜን።