መጥሪያ የመሰለው ካርዴ

አርብ፣ ኅዳር 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ጎንደር ያሳተምኳቸው ካርዶች ትናንት በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ደረሱኝ። ስሜ ከላይ፣ «ማመልከቻ ጸሐፊ» ከታች። ትምህርቴን ጥዬ ስወጣ «ከእንግዲህ ማን ያውቅሃል?» ያለኝ ዲሬክተር ይየው! አባቴ ግን እስከ ሰኞ ደንበኛ ካላገኘህ ማጭድ ትጨብጣለህ ብሎኛል።

ዛሬ አርብ ገበያ ላይ ካርዱን ማደል ጀመርኩ። ድንጋይ ራስ ሁላ! የታተመ ወረቀት የሚያውቁት ከፍርድ ቤት የሚመጣውን ብቻ ነው። መጥሪያ በእጁ የተቀበለ ሰው መቅረት ስለማይችል፣ ካርዴን ያየ ሁሉ እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቃል። አንዱማ አፍንጫዬ ሥር ቆሞ «አጣሁት በላቸው!» አለኝ። ደሜ ፈላ። አያ ደምሌ የሚባሉት ሽማግሌም እንቢ ሲሉኝ፣ ካርዱን አህያቸው ጭነት ውስጥ ወትፌው ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ አያ ደምሌ ካርዱን ይዘው ቤታችን መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ጽሕፈት ታውቃለህ አሉኝ። በዚህ መጥሪያ ለመጣብኝ ክስ መልስ ጻፍልኝ። በሬዬ የሰው ገብስ የበላው እኔ ሳላይ ነው በልልኝ!»

አባቴ ይኸን ሰምቶ «በል፣ ደንበኛ አገኘህ» አለና ያወረደልኝን ማጭድ መልሶ ሰቀለው።

ነገ በጠዋት መልሱን ሊወስዱ ይመጣሉ። «የከሳሽ ስም» ብዬ ጽፌ ቆሜያለሁ። የማንን ልጻፍ? የኔን?