ፋየራበንት ያልኩ ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ሐሩን፣

አሰላሙ አለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? የስፌት መኪናውን ሲረግጡ ጉልበትዎ ዛሬም ያስቸግርዎታል? እማማስ እንዴት ሰነበተች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አባባ፣ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ስመጣ መጻሕፍቴን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው «ስትመለሺባቸው ይከፈታል» ያሉኝን አልረሳሁም። ተቀይመውኝ እንደነበርም አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎት ስለዚያ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከአንድ የጀርመን ቃል ነው።

አሠሪዬ ወይዘሮ ኡርሱላ በየቀኑ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወረቀታቸውን ሰብስበው «ፋየራበንት!» ይላሉ። የቀኑ ሥራ አበቃ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የራስ ነው ማለት ነው። ጀርመኖች ከሥራ ሲወጡም መልካም ፋየራበንት ተባብለው ይለያያሉ። እኔ ግን ቃሉ የእመቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ያሳደጓት ልጅ «በይ ሂጂ» ሳትባል ከሰው ቤት ትወጣለች እንዴ? ያጠብኩትን ሳህን ደግሜ እያጠብኩ እስከ አንድ ሰዓት እቆያለሁ። ልመዘገብ የተመኘሁት የማታ ትምህርት ደግሞ አሥራ አንድ ተኩል ይጀምራል፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ላስፈቅድ እያልኩ ወደ ሳህኑ እመለሳለሁ።

ሐሙስ ዕለት ራሳቸው «ቤትሽ መሄድ ለምን ትጠያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሂጂ እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነው» አልኳቸው። ለካ እሳቸውም እኔ ካልወጣሁ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋ ላይ ጋደም ማለት እያፈሩ አምስት ወር ሙሉ ሲጠብቁኝ ኖረዋል! ስንከባበር ሁለታችንም ሳናርፍ ከረምን። ፋየራበንትን ማንም ለማንም አይሰጥም፣ ሥራውን የጨረሰ ሁሉ ራሱ ይለዋል፣ ነገ አንቺ ትያለሽ አሉኝ።

ዓርብ ሰዓቱ ሲደርስ ሽርጤን አወለቅሁና ቃሉን ዋጥ አድርጌ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። የሐሙሱን ነገር ያጫወትኳቸው ዘበኛው ጋሽ ላጲሶ «ዛሬ ፈርተሽ ከወጣሽማ ነገም ትፈሪያለሽ» ብለው ከበር መለሱኝ። ተመልሼ «ፋየራበንት!» ስል የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ወይዘሮ ኡርሱላ እያጨበጨቡ በዚያው ቃል መለሱልኝ። ሩዋንዳ ከሚባለው የቦሌ ሰፈር እስከ ትምህርት ቤቱ ሮጬ፣ አምስት ወር በሻንጣዬ ያስቀመጥኩትን የዘጠነኛ ክፍል ካርዴን ይዤ፣ መዝጋቢው መዝገቡን ሊያጥፍ ሲል ደረስኩ። አባባ፣ አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ! ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ እርስዎን አሰብኩ።

እስቲ እርስዎም አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናዎን ሸፍነው ቃሉን ይበሉት፤ እማማ መሳቋ አይቀርም። እሷን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለአክስቴ ኑራ ሰላምታዬ ይድረሳት። ትንሿ እህቴን ራሕማን፣ መጥቼ ጠጉሯን እስክሠራላት ትታገሥ ይበሉልኝ። ለኢምራንም እህትህ አሁን የክፍል ጓደኛህ ሆናለች፣ ኳሱን ቀነስ አድርግ ይበሉት።

ወደ ሸገር የሚመጣ ሰው ሲያገኙ፣ ሣጥኑን ይክፈቱልኝ።

ልጅዎ መኪያ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 20 ቀን 1989 ዓ.ም.