የደጃፍ ግንብ

ልጄ፣ ያለህበት ሰው ይውደድህ፤ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከአምናው አልባሰም።

የሰፈራችን መንገድ ሰፋ። አዲሱ የከተማው ደንብ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ማሳለፍ አለበት ስለሚል፣ የጎርፉን ቦይ ደፍነው አስፋልት አለበሱት። መሐንዲሱን፣ «ዝናቡስ በየት ይውረድ?» አልኩት። «እማማ፣ ውሃው የእኛን ቢሮ አይመለከትም» አለኝ።

ውሃው መጀመሪያ ከላያችን ያለችው ልብስ ሰፊ ቤት ገባ። እሷ ደጃፏ ላይ ግንብ ስትሠራ ውሃው ወደ እኛ ዞረና የአባትህን መጻሕፍት አበሰበሰ። ብወቅሳት፣ «ምን ላድርግ ቲቸር፣ ልጆቼ ይስጠሙ?» አለችኝ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ።

አንቺም ገድቢ ማለትህ አይቀርም። ብገድብ ግን ውሃው የሚገባው ከእኔ በታች ካለው፣ ከአልጋ ከማይነሳው ሰዓት ሠሪ ቤት ነው። እስካሁን ውሃውን በባልዲ እየቀዳሁ ጓሮዬ ካለው ጉድጓድ ውስጥ እደፋለሁ። ወገቤ ግን እምቢ እያለኝ ነው፤ ልቤም እየከፋ ሄዷል።

ጣራህ አያፍስስ፣ ደጃፍህ ደረቅ ይሁንልህ። አደራህን፣ የሲሚንቶ መግዣ አትላክልኝ። እጄ ከገባ እኔም የምገድብ ይመስለኛል።

እናትህ