የተገለበጠው ሙሾ

መካነ ሰላም፣ ጥር 12

ዛሬ እትዬ የሺ ሱቄ ድረስ መጡ። በልጃቸው ቀብር ላይ ያወረዱትን ሙሾ አንድ ደንበኛዬ በስልኩ ቀድቶት ነበር። እኔም ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬ፣ በስልኩ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ሊያስጭን ለመጣ ሁሉ ከዘፈኑ ጋር ስጭን ከረምኩ። ትናንት ወደ አቀስታ ከተማ ሲሄዱ በተሳፈሩበት ሚኒባስ ውስጥ ሰሙት።

"ልክሰስህ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ምን ወሰድኩብዎ? ሙሾው እንደሆነ አሁንም የእርስዎ ነው።" ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እያዩኝ ከኮምፒውተሬ አጠፋሁት። በየሰው ስልክ ያለውንስ በምን ላጥፋው? ሕጉ ወንጀል ይበለው አይበለው አላውቅም። ይክሰሱኝ አይክሰሱኝም አልነገሩኝም። በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

"እኔ ልጄን አንዴ ነው የቀበርኩት። አንተ በየመኪናው ትቀብረዋለህ።"

ወንጀለኛ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።