ቀይ የተቀባችው የሰንሰለት ቀለበት

ታዴዬ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሆነ። እንዴት ነህ እንዳልልህ የት ብዬ፤ ዝም እንዳልል ደግሞ የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ሰሞኑን በጣም ግራ ገብቶኝ ነው የሰነበትኩት።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ሜሮን በቁመት በልጣኛለች፤ ባማርኛ ሳናግራት አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ሰዉ ሁሉ ስለ ሚሊኒየሙ ያወራል፣ እኔ ስለ ብረት አስባለሁ። ወንድምህ ግርማ ከሪችፊልድ እየተመላለሰ ተጎታቿን፣ ከመኪናው ኋላ የምንጎትታትን የሽርሽር ቤት፣ ሽጪያት ይለኛል። ገዢ አግኝቶ ቅዳሜ ሊያመጣው ነው። እኔም እልህ ያዘኝና፣ ከዚያ በፊት በገዛ እጄ ከመኪናው ጋር በደንብ ካሰርኳት ማኅበርተኞቻችን በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ ወደሚሄዱበት ሐይቅ እኔው ነድቼ እወስዳታለሁ፣ ካልቻልኩ ግን ትሸጥ አልኩት። አፌን ምን አስከፈተኝ?

የመጀመሪያው ዓመት ትዝ ይልሃል? ዝም ብለህ ከመኪናው ጋር አያይዘሃት ተነሳን። የመኪናው ኋላ ቁጭ፣ ፊቱ ቀና አለ፤ መሪው ቀለለብህና ከመንገድ ተመለስን። በማግስቱ እነዚያን ሁለት የብረት ዘንጎች ገዛህ። ዘንጎቹ በሰንሰለት ሲወጠሩ ከኋላ የተጫነውን ክብደት ለፊት ጎማዎችም ያካፍላሉ ብለህ አስረዳኸኝ፤ እኔ ጆሮዬን አልሰጠሁህም። ሜትር ይዤ ከመሬት እስከ ፊተኛው ፓራፋንጎ ለካሁልህ እንጂ ለምን እንደምትለካ አልጠየቅሁም። በመጨረሻ የጥፍር ቀለሜን ከመሳቢያ አንስተህ ሰንሰለቱ የሚያዝበትን ቀለበት ቀይ ቀባኸው። ውድ ቀለም ነበር፣ ተናድጄብህ ነበር።

ማክሰኞ ያንን ምልክት ተማምኜ ጀመርኩ። ተጎታቿ ሳትታሰር የመኪናውን ፊት ከመሬት ለካሁ፤ ሠላሳ ስድስት ኢንች። ሰንሰለቱን ሳልወጥር ሳስራት ሠላሳ ሰባት ተኩል ሆነ፣ የመኪናው ፊት ቀና አለ ማለት ነው። ሰንሰለቱን በቀይዋ ቀለበት ስይዘው ወደ ሠላሳ ስድስት ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ሠላሳ አምስት ወረደ። ፈታሁ፣ በክሪክ አነሳሁ፣ ደገምኩ። አሁንም ሠላሳ አምስት። ሜትር ቀየርኩ። ተሳስተህ ነው? ወይስ በኋላ አስተካክለኸው እኔን ሳትነግረኝ ቀረህ? ግርማን ጠየቅሁት፣ እሱም አያውቅም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ተቆጣሁህ። የሞተ ሰው ይቆጡታል? እኔ ተቆጣሁ።

ሜሮን መጥታ የተጎታቿን በር ከፈተችና፣ በዚያው በእንግሊዝኛዋ፣ ለምን ባዶ ሆነች ብላ ጠየቀችኝ።

ባዶ! አንተ እኮ ሁለት ቀን ቀድመህ ብሩክሊን ሴንተርንና ሮቢንስዴልን እየዞርክ የሰዉን ዕቃ ትለቅም ነበር። የማኅበሩ ትልልቅ ድስቶች፣ የጋዙ ምድጃ፣ የሽማግሌዎቹ ፍራሽ፣ የእማማ የሺ ወንበር፣ ሁሉም ከፊተኛው አልጋ ሥር ይገባል። የጭነት መኪና አደረጉህ እያልኩ አጉረመርም ነበር። ምልክቱን የለካኸው ለዚያ ሁሉ ሰው ዕቃ ነበር። ዘንድሮ ማንም ዕቃ ያዢልኝ አላለኝም፤ ሐዘንተኛ ናት ብለው ፈርተውኝ ነው መሰለኝ።

ባዶዋን ለመንዳት ሰንሰለቱን በአንድ ቀለበት ማላላት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ዕቃችሁን ስጡኝ ብዬ ስልክ ደወልኩ፣ በየቤቱ ዞርኩ። ዛሬ ሐሙስ ድስቱም ፍራሹም ከተጫነ በኋላ ሰንሰለቱን በቀይዋ ቀለበት ያዝኩና ለካሁ። ሠላሳ ስድስት። ሜትሩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እስከ ሮቢንስዴል ነድቼ ተመለስኩ፤ መሪው አልቀለለብኝም። ግርማን ገዢው እንዳይመጣ ንገረው አልኩት።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ይህን ሁሉ ስትሸከም አጠገብህ ቆሜ እንዴት ሳላይህ ቀረሁ?

አልረሳህም፣ ታዴዬ። ቀለሙ ጫፉ ላይ መላጥ ጀምሯል። ብልቃጧ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለች፤ በደበዘዘ ቁጥር እኔ እቀባዋለሁ። ነገ ጠዋት የሰዉን ዕቃ ይዤ እነሳለሁ።

ያንተዋ አልማዝ